ከአዋሽ ወዲያ

ሦስት ሰዓት ላይ፣ እንደ ሰው፣ ጋደም እላለሁ።
እንቅልፍም አይግደረደርም፤ ሲጠሩት ይመጣል፣
ስምንት ሲሆን ግን ጫማውን አጥልቆ ይወጣል።
ሳይሰናበተኝ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ፣
ይተወኛል ከቆርቆሮው ጩኸት፣ ከአዳማ ነፋስ ጋ።

ከሌሊቱ ስምንት። ይህን ሰዓት አውቀዋለሁ።
መተሐራን አልፌ በሰቃ ዳር ስደርስ፣
ፎጣ በጀሪካን ውሃ እየነከርኩ ፊቴን ሳብስ፣
ሃያ ስድስት ዓመት እንቅልፍን ከጋቢና ሳባርር፣
"ነገ ና"፣ "ከነገ ወዲያ"፣ እንደ ክፉ ባለዕዳ ቀን ስቀጥር፣
አንድም ጊዜ አልተቆጣኝ።
ያኔ ጨዋ ነበር፤ መስኮቴን አንኳኩቶ ይሄዳል።
ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ በሩን ወለል አድርጌ ብጠራው፣
ሥራ በዝቶብኛል ይላል።

ያልሞከርኩት የለም።
ጎረቤታችን ሸጊቱ "ወተት በማር" አለችኝ፣
ጠጣሁት፤ ወተቱ ራሱ ለሽንት ሁለቴ አስነሣኝ።
የፋርማሲዋ ልጅ የሰጠችኝ እንክብል እንቅልፍ አይደለም፤
ገደል እንደ ገባ መኪና ነው፣
ሲነጋ ሰው ጎትቶ ያወጣኛል፤ ሕልም የለም።
"እግርህን በሙቅ ውሃ"፣ "ስልክህን አርቀው"፣ "ከሰዓት ሻይ ተው"፣
ተውኩ። ጫት እንኳ ከተውኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።
ዳዊትም ደገምኩ፤ እስከ መቶ ሃምሳ ዘለቅሁ፣
እግዜርን ሳላስተኛው አልቀረሁም፣ እኔ ግን ነቃሁ።

በግ ቁጠር ያለኝ የልጄ ልጅ ነው፣ ኪሩቤል፣ ከትምህርት ቤት ሰምቶ።
እንዴት አድርጌ ልቁጠር?
አንዱ በግ መንገድ ባቋረጠ ቁጥር
ቀኝ እግሬ ከብርድ ልብሱ ሥር ይዘረጋል፣ ፍሬን ሽቶ።

ስለዚህ ከተማ እቆጥራለሁ።
ወለንጪቲ። መተሐራ። የፈንታሌ ጥላ።
አዋሽ ድልድይ ላይ ግን ወታደሩ ባትሪውን ዐይኔ ላይ ያበራል፣
"ወረቀት!" ይለኛል፤
ወረቀት ስፈልግ ትራሱን እዳብሳለሁ።
ሁልጊዜ እዚያው ነው።
ከአዋሽ ወዲያ ተኝቼ አልፌ አላውቅም።

ከፍራንኮ ማዶ፣ በአሮጌው መንገድ፣ መኪኖቹ ይወርዳሉ።
ይኼ ሲሚንቶ ነው። ያ ማዳበሪያ። ያ ባዶውን ነው የሚመለስ።
ይኼኛው ደግሞ ልጅ ነው፣ ማርሹን ያንገጫግጫል፤
"ቀስ በል" እለዋለሁ፣ በጨለማ፣ በሹክሹክታ፣
አጠገቤ ጥሩወርቅ ተኝታ፣
አፏን እንደ ሕፃን ከፍታ።

ቀንቼባታለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።
አንድ ሌሊት እንዲያውም በክርኔ ነካሁ፣ አውቄ።
አልነቃችም።
በኋላ ልጃችን ነገረችኝ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እንደ ቀልድ፣
"አባዬ፣ አንተ መንገድ ስትሆን እማዬ መች ተኝታ ታውቅ ነበር!
መስኮቱ ሥር በርጩማ ስባ፣ የሚያልፈውን ሁሉ ስትቆጥር፣
የመኪናህን ድምፅ ከመቶ ትለያለች፣
‘አይደለም’፣ ‘ይኼም አይደለም’ ስትል ታነጋለች።"
ሽንኩርቱ ነው ብዬ ዐይኔን ጠረግሁ።

እኔ ጋቢና ውስጥ ያባረርኩትን እሷም ቤት ውስጥ አባርራዋለች ለካ።
ታዲያ አንድ እንቅልፍ ለሁለት ባለዕዳ እንዴት ይብቃ?
ዳኛ ቢኖር ለእሷ ነው የሚፈርደው።

ትናንት፣ ስምንት ከሃያ ላይ፣
ከመታጠፊያው አንድ ተሳቢ የፍሬኑን አየር ተነፈሰ፣
የጥሩወርቅ እጅ፣ ዐይኗ ሳይገለጥ፣ ደረቴን ዳሰሰ።
"ገባህ?" አለች፣ ከእንቅልፏ ውስጥ።

በሩን ስትከፍትልኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የጠየቀችኝ ነው፣
እኔም "ራበኝ" ብያት ገፍቼ የማልፈው።
"ገብቻለሁ" አልኳት። "መኪናውን አቁሜያለሁ። ቁልፉም ይኸው። ተኚ።"

ከዚያ ወለንጪቲ። መተሐራ። በሰቃ፤ ጨረቃም የለም።
አዋሽ ላይ ወታደሩ ባትሪውን ወደ መሬት ዘቀዘቀ፣
"እለፍ" አለኝ፤ ወረቀት አልጠየቀም።
ገዋኔን ያየሁ መሰለኝ፣
ከዚያ ወዲያ አላስታውስም።

ዛሬ ደግሞ ይኸው፣ ስምንት ሰዓት ነው፣ ነቅቻለሁ።
በርጩማዋን ከመስኮቱ ሥር ስቤ፣
መኪና እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።